“ካልተማርክ ታርሳለህ”

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ባዮሎጂ ተፈተንን። አንዱ ጥያቄ የሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ ስንት ክፍል እንዳለው የሚጠይቅ ነበር። አራቱንም ጻፍሁ። ሩመን፣ ሬቲኩለም፣ ኦማሰም፣ አቦማሰም። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። መምህሩም በክፍሉ ፊት አመሰገኑኝ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ላማችን ተነፋች። ጠዋት ገና በጤዛው ነበር እርጥብ ሣር ላይ የተሰማራችው። ረፋድ ላይ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጠረ። እናቴ እሪ አለች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ “ጨው በጥብጡላት” አለ። ሌላው “በጋለ ብረት ተኩሷት” አለ። አባቴ ባለሙያ እንዲጠራ ታላቅ ወንድሜን ወደ ወረዳው ከተማ ሰደደው። ወንድሜ ሳይመለስ ላሟ ሞተች።

እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ያ የተወጠረው ጎን፣ ስሙን ጽፌ የተመሰገንሁበት ሩመን መሆኑ ጨርሶ አልመጣልኝም። ጨጓራና ሽንፍላን በዓል በመጣ ቁጥር እናቴን እያገዝሁ አጥቤያቸዋለሁ። እጄ ያውቃቸዋል። የእንግሊዝኛ ስማቸውን ደግሞ ደብተሬ ያውቀዋል። እጄና ደብተሬ ግን ተገናኝተው አያውቁም ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ እርዳታ እስኪደርስ ምን ማድረግ እንደሚቻል አስረዳኝ። ላሟን የፊት እግሯ ወደ ዳገቱ ከፍ እንዲል አድርጎ ማቆም። እንዳትተኛ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ። ግማሽ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት ትን እንዳይላት ቀስ አድርጎ ማጠጣት። ዘይቱ በሆዷ ውስጥ የተጠራቀመውን አረፋ ይሰብረዋል፤ ጋዙም በግሳት ይወጣል። ሁልጊዜ ያድናል ማለት አይደለም። ግን ጊዜ ይገዛል። ይህን ለማስተማር አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ባዮሎጂ መምህራችን በዚያ ሳምንት አሥር ደቂቃ ነበራቸው። ጥያቄው ለምን እንዳልተጠቀሙበት ነው። እኔ እሳቸውን አልወቅስም። እሳቸውንም እንዲህ ያስተማራቸው አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ አሥር ደቂቃ ነው።

የትምህርት ቤቱ ጓሮ

በጎጃም ገጠር ብዙ ትምህርት ቤት መሬት አለው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላችሁ በደምበጫ፣ በብቸና ወይም በሞጣ መንገድ ስትሄዱ ትምህርት ቤቱን ከሩቅ የምትለዩት በባሕር ዛፉ ነው። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታረስ ቁራጭ መሬት አለ። ስለዚህ “መሬት የለም” የሚለው ምክንያት ለአብዛኛው ትምህርት ቤት አይሠራም።

መሬቱ ታዲያ ለምን ይውላል? እኔ በተማርሁበት ለሁለት ነገር ይውል ነበር። አንደኛው ለገቢ ነው። መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፣ ወይም በተማሪ ጉልበት ተዘርቶ ይሸጣል። ገንዘቡ ጠመኔ፣ ወረቀትና የጥበቃ ደመወዝ ይሆናል። ይህ የሚያስነውር አይደለም። የትምህርት ቤት በጀት ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይፈርድም።

ሁለተኛው ለቅጣት ነው። አርፍዶ የመጣ ይቆፍራል። የተደባደበ ያርማል። የቤት ሥራ ያልሠራ ፍግ ይሸከማል። እኔም ቆፍሬያለሁ። ስንቆፍርም አላፊ አግዳሚው ተማሪ ምን እንዳጠፋን ይጠይቀን ነበር።

ይህን ነገር ቀለል አድርገን ማለፍ የለብንም። የገበሬ ልጅ፣ አባቱ ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራውን ሥራ፣ ትምህርት ቤት ሄዶ እንደ ቅጣት ሲያገኘው ምን ይማራል? አባቱ የተቀጣ ሰው መሆኑን ይማራል። ቤት ሲመጣ ደግሞ አባት ራሱ “ተማር ልጄ፣ እንደ እኔ አፈር ገፊ እንዳትሆን” ይለዋል። መምህሩም ሰነፉን “ካልተማርክ ታርሳለህ” ይለዋል። ቤቱም ትምህርት ቤቱም እርሻን ማስፈራሪያ አድርገውታል። ልጁ የሁለቱንም ይሰማል።

ታዲያ ዛቻው እውነት ሲሆንስ? በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። እሰየው ነው። ያም ሆኖ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት ማለፊያውን አላገኙም። ይህ እንግዲህ 12ኛ ክፍል የደረሱት ብቻ ናቸው፤ መንገድ ላይ የቀሩት አልተቆጠሩም። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ ጎጃም ውስጥ ወደ ቤታቸው ነው የሚመለሱት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ተሸክመው ከተማ በተከራዩት ክፍል ሲማሩ ከርመው፣ ለ12 ዓመት ሲፈሩት ወደ ቆዩት ሞፈርና ቀንበር ይመለሳሉ። የተመለሱትም አባታቸው ከሚያውቀው ያነሰ እርሻ እያወቁ ነው። ምክንያቱም አባታቸው ሲያርስ እነሱ ክፍል ነበሩ።

ተሞክሮ ነበር

እርሻን በትምህርት ቤት የማስተማር ሐሳብ አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን ትምህርት ለማምረት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለፖለቲካ ንቃት ነው ይባል ነበር። 7ኛና 8ኛ ክፍል የእርሻ ትምህርትና ባልትና እንደነበር የዚያ ዘመን ተማሪዎች ያስታውሱታል። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሙያውን ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወዳሉት ማሠልጠኛዎች አሻገረው። ቡሬ ያለው የግብርና ኮሌጅ በዚህ መስመር የልማት ሠራተኞችን ሲያፈራ ቆይቷል። ታች ያለው ልጅ ግን እርሻን ያገኘው በአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ፣ በሥዕልና በትርጉም ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙያ ነክ ትምህርትን መልሶ አስገብቷል። 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ራሱን የቻለ የግብርና መጽሐፍም አለ። ጥሩ ጅምር ነው። ሁለት ችግር ግን አየዋለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ስለ ጎታና ስለ ነቀዝ በእንግሊዝኛ ያነባል። ሌላው ፈተናው ነው። በ2016 እና በ2017 የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በብሔራዊ ደረጃ የተፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ ነው። የማይፈተን ትምህርት በእኛ አገር ምን እንደሚደርስበት መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃል። ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን 11ኛ ክፍል ዘግይቷል። ከብት የሚጠብቀው ልጅ 10 ዓመቱ ነው።

ሐምሌ ላይ የሚዘጋ ትምህርት ቤት

ማንም ብዙ የማያነሣው አንድ ችግር አለ። የትምህርት ዘመኑና የእርሻው ዘመን ጀርባ ለጀርባ ናቸው።

ትምህርት መስከረም ይከፈታል፤ ሰኔ ይዘጋል። ጎጃም ላይ ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ነው። አረሙ ነሐሴና መስከረም ነው። አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ። ማለትም እርሻው በሚከፈትበት ወር ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ትምህርት ቤቱ ሞቅ ባለበት በኅዳር ደግሞ እርሻው ልጆቹን ይወስዳቸዋል። ገጠር ያስተማረ ሰው የኅዳርን ባዶ ወንበር ያውቀዋል።

ስለዚህ “ተማሪዎች ጤፍ ይዝሩ” ብሎ መመሪያ ማውረድ ከንቱ ነው። የዘር ወቅቱ በዕረፍት ወር ነው የሚውለው። እቅዱ ከወቅቱ ጋር መታረቅ አለበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሰብል ወቅት ነው፤ ማየት፣ መቁጠር፣ መመዘን ይቻላል። ከጥር እስከ ግንቦት ደረቁ ወቅት ነው። የከብት መኖ የሚያጥርበት፣ የችግኝ፣ የብስባሽ፣ የዶሮ ጊዜ ነው። ውኃ ባለበት ደግሞ የመስኖ ጊዜ ነው። መራዊ አካባቢ የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ገደማ ያለማል ተብሎ የተሠራ ነው። እዚያ ዙሪያ የሚማር ልጅ ሽንኩርትና ድንች በበጋ እያየ ያድጋል። ለእሱ ትምህርቱና እርሻው ይገጥማሉ። ጮቄ ተራራ ሥር ላለው ልጅ ሌላ እቅድ ያስፈልገዋል። የቆላው ደጀን ልጅ ደግሞ ሌላ። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላይ የተጻፈ አንድ ዓይነት የተግባር መርሐ ግብር ለሦስቱም አይሠራም።

መመዘንና መጻፍ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ወላጅ “እርሻማ ቤቱም አለ፤ እኔ የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር ነው” ይላል። እውነቱን ነው። የጎጃም ገበሬ ማረስ አያንሰውም። በሬ መጥመድ፣ እርፍ መያዝ፣ ደመና አይቶ ዘር መቼ እንደሚበተን ማወቅ፣ ይህን ልጁ ከአባቱ የተሻለ መምህር አያገኝለትም። ትምህርት ቤት ይህን ላስተምር ቢል ጊዜ ማባከን ነው።

ቤት የሌለው መመዘን ነው። መጻፍ ነው። ሁለት ነገር ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ነው። አባት አንድ ማሳ አለው፤ ያ ማሳ ቤተሰቡን ካላበላ ልጆቹ ይራባሉ። ስለዚህ መሞከር አይችልም። ትምህርት ቤት ግን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መደብ ላይ ተሳስቶ ማየት ይችላል። ማንም አይራብም።

ጤፍን እንውሰድ። አንድ ግራም ጤፍ 3,000 ገደማ ፍሬ አለው። ገበሬው በብተና በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይዘራል። በመስመር ዝሩ የሚሉት ባለሙያዎች 5 ኪሎ ገደማ ይበቃል ይላሉ። እንግዲህ 6ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ይህን ያሰላዋል። በሄክታር 30 ኪሎ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 3 ግራም ነው። 9,000 ፍሬ ማለት ነው። በሄክታር 5 ኪሎ ከሆነ ግማሽ ግራም፣ 1,500 ፍሬ። ከዚያ ኅዳር ላይ በሁለቱ መደብ ስንት እግር እንደቆመ ይቆጠራል። ፍሬው ይመዘናል። በመስመር ለመዝራት የፈጀው ሰዓትም ይመዘገባል። ብዙ ገበሬ መስመሩን ሞክሮ የተወው ጉልበት ስለሚበላ ነው፤ ይህ ስንፍና አይደለም። ልጁ ሁለቱንም በቁጥር ይዞ ለአባቱ ቢነግረው፣ ከባለሙያ ስብሰባ ይልቅ ያ ወሬ ይሰማል። ዘሩን በሐምሌ መጀመሪያ ማን ይዘራዋል ከተባለ፣ ቅርብ ያሉ አምስት ተማሪዎችና አንድ መምህር ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል። መደቡ ከአልጋ አይበልጥም።

ሁለተኛው አሲዳማ አፈር ነው። ይህ የጎጃም ደጋ ትልቁ ሕመም ነው። ከአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ አሲድ አለበት ይባላል፤ ብዙ ዝናብ የሚያገኘው የጎጃም ደጋ ደግሞ ከባሰባቸው ውስጥ ነው። ዝናቡ ከአፈሩ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን አጥቦ ይወስዳል። አፈሩ አሲድ ሲሆን አሉሚኒየም ይለቃል፤ ሥሩ ይቆረፍዳል። ገበሬው በስንት መከራ የገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም በአፈሩ ይታሰራል። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ምን እንደሆነ እናስታውሳለን። ያን ያህል ተለፍቶበት የመጣ ማዳበሪያ አሲድ አፈር ላይ ሲወድቅ ያንገበግባል።

ገበሬው “አሲድ” አይልም። “መሬቱ ደከመ” ይላል። ደከመ ብሎም ስንዴውን ትቶ እንግዶ የሚባለውን አጃ ይዘራል። ግብጦ ይዘራል። በመጨረሻ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ግብጦ መዝራቱ ደግሞ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ለደከመ መሬት ናይትሮጅን ይመልሳል። ይህን አባቶች ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል። እኔ በኬሚስትሪ ክፍል የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ0 እስከ 14 ነው ብዬ ሸምድጃለሁ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው አፈር ስንት እንደሆነ ግን ማንም አልለካም። የፒኤች መለኪያ ወረቀት ርካሽ ነው። አፈሩን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ፣ አጥልሎ፣ ወረቀቱን መንከር ነው። ልኬቱ ግምት ነው፤ ግን ከ5.5 በታች ከሆነ ችግር እንዳለ ያሳያል። ከዚያ ኖራ ነው። በሄክታር 3 ቶን ኖራ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 300 ግራም ነው። አንድ መደብ ላይ ኖራ፣ አጠገቡ ያለው ላይ ምንም። ገብስ ይዘራበታል። የኖራው ድንጋይ እንደሆነ ሩቅ አይደለም፤ ደጀን ላይ፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ገበሬው ኖራን የማይገዛው 30 ኩንታል የሚጫንበት መኪናና ገንዘብ ስለሌለው ነው፤ በዓይኑ ያየው ልዩነትም ስለሌለ ነው። የመኪናውን ችግር ትምህርት ቤት አይፈታም። ዓይን መክፈቱን ይችላል።

ከብቱ ጋ ስንመጣ

በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው። ሰብል ወቅት ይጠብቃል። ከብት ግን በየቀኑ አለ፤ ከብቱ ጋ የሚውለውም ልጁ ነው። አባት በሬውን ያውቃል። ላሟ ዛሬ ምን እንዳደረገች የሚያውቀው እረኛው ነው።

ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ነው። ፍላጎቷ የሚቆየው ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። በጠዋት ከታየች በዚያው ቀን ማታ፣ በማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት ነው ማዳቀል የሚመከረው። ይህ ሰዓት ካለፈ አዳቃዩ ባለሙያ ቢመጣም ድካም ነው። ገበሬው “ይዞላት አልያዘላትም” እያለ ያማርራል፤ ባለሙያውም ዘግይታችሁ ጠራችሁኝ ይላል። በመካከል የጠፋው መረጃ ልጁ ጋ ነበር። ስትጮህ ሰምቷል። ሌላዋ ስትወጣባት ዝም ብላ ስትቆም አይቷል። አልጻፈውም እንጂ። ከደብተሩ ጀርባ ሁለት መስመር ቢያሰምር ይበቃዋል፤ ቀንና ምልክት። ከያዘላት ደግሞ 280 ቀን ገደማ ይቆጥራል፤ የምትወልድበትን ሳምንት ያውቃል።

ክብደትም አለ። ገበያ ላይ ደላላ በዓይኑ ገምቶ በሬህን ይገዛሃል። የትል መድኃኒትም በክብደት ነው የሚሰጠው፤ ገበያ መሬት ላይ የተሸጠውን ኪኒን በግምት ግማሽ ሰጥቶ መመለስ ትሉን ማለማመድ ነው። ሚዛን ባይኖርም የልብስ ሰፊ ሜትር አለ። የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለክቶ በራሱ ማብዛት፣ ከትከሻ እስከ ቂጥ ባለው ርዝመት ማብዛት፣ ለ10,840 ማካፈል። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 120 የሆነ በሬ 250 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ለእኛ አገር ከብት ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል፤ ከዓይን ግምት ግን በብዙ ይሻላል። የሒሳብ መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ክፍሉን ይዞ ወደ አንድ ደጅ ቢወጣ ማብዛትና ማካፈል ማን ይረሳል?

ጨፌ ላይ የሚሰማራ ከብት የጉበት ትል ይይዘዋል። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ አልፎ ሣር ላይ እንደሚጣበቅ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ቀንድ አውጣውን በእንጨት ገልጦ በቦታው ማሳየት ይቻላል። ያን ያየ ልጅ ከብቱን ከረግረጉ ጠርዝ ያርቃል።

አባ ሰንጋ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ከብት በድንገት ወድቆ ሲጣጣር አርዶ ሥጋውን በቅርጫ መከፋፈል የተለመደ ነው። ችግረኛ ሰው በሬው እንዲሁ ከሚቀር ብሎ ነው። ነገር ግን ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከኋላው ጥቁር፣ የማይረጋ ደም ከወጣ መታረድ የለበትም። መገፈፍ የለበትም። መበላት የለበትም። በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል። በሬው ከተከፈተ ደግሞ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለባለሙያ መናገር። ይህ ትምህርት በእያንዳንዱ የገጠር ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በአማርኛ በትልቁ ተጽፎ መለጠፍ ነበረበት። የፎቶሲንተሲስን ቀመር ግድግዳ ላይ አይቻለሁ። ይህን ግን አይቼ አላውቅም።

የዶሮ ነገር ደግሞ ቀላሉ ነው፤ ለምን እስካሁን እንዳልተያዘ ይገርመኛል። ፈንግል በገባ ቁጥር የእናቶቻችን ዶሮ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ክትባቱ አለ። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያመርተዋል። ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ነው፤ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን መሆኑ ነው፤ አንዴ ከተከፈተም አይቀመጥም። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን አትከፍተውም። ትምህርት ቤት ግን መቶ ቤት በአንድ ቀን ያገናኛል። ዓርብ ዕለት ተማሪዎች በየጎጣቸው ስንት ዶሮ እንዳለ ቆጥረው ይመጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ የቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ ጠብታውን ይዞ ይሄዳል፤ ልጆቹ ይይዛሉ፣ ይመዘግባሉ። መንግሥት ከ2015 ጀምሮ በሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮ ያከፋፍላል። የተከፋፈለው ዶሮ እንዲተርፍ የሚያደርገው ይህ ነው። የእንቁላሉ ገንዘብ ደግሞ የእናትና የሴት ልጅ ገንዘብ ነው። ማረስ ለወንድ በሚባልበት አገር፣ ሴት ልጅ በትምህርት ቤት እርሻ ውስጥ ቦታዋን ሳትለምን የምታገኘው እዚህ ነው።

“መሬት የሌለውን ልጅ እርሻ ማስተማር ለምን?”

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። በክልሉ የመጨረሻው ትልቅ የመሬት ድልድል በ1989 ነበር። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ወጣት ከወላጁ ካልወረሰ ወይም እኩል ካላረሰ መሬት የለውም። ወላጁ ያለው ጥቂት ጥማድ ለአምስት ልጅ ሲከፈል ምን ይደርሰዋል?

ለዚህ ነው እኔ ከማረሱ ይልቅ ከብቱን፣ ዶሮውን፣ ንቡን፣ ችግኙን የማስቀድመው። በግ ለማድለብ ጓሮ ይበቃል። 100 ኪሎ ጭድ በ4 ወይም 5 ኪሎ ዩሪያ አክሞ፣ አፍኖ፣ ሦስት ሳምንት አቆይቶ ለከብት መስጠት መሬት አይጠይቅም። መለካት ግን ይጠይቃል፤ ዩሪያው ከበዛ ወይም በደንብ ካልተሟሟ ከብቱን ይገድላልና። ይህም ቢሆን ለሁሉም አይበቃም። ከተማ የሚሄደው ይሄዳል። የሚሄደው ግን ፈርቶ ሸሽቶ ባይሄድ እመርጣለሁ።

መምህሩስ? የሒሳብ መምህር ስለ ከብት በሽታ አልሠለጠነም። አይሠልጥን። በየቀበሌው የልማት ሠራተኞች አሉ፤ የሰብል፣ የእንስሳት፣ የተፈጥሮ ሀብት። የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከልም አለ። ብዙ ቦታ ከትምህርት ቤቱ አጥር ብዙም አይርቅም። አንደሳ የእንስሳት ምርምር፣ አዴት የግብርና ምርምር እዚሁ ጎጃም ውስጥ ናቸው። በወር አንድ ክፍለ ጊዜ የልማት ሠራተኛው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ በአካባቢው የታወቀ ጎበዝ ገበሬ ቢገቡ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርትና ግብርና፣ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ነው ያለባቸው። አንድ አባት በልጁ ክፍል ፊት ቆሞ፣ መምህሩ ወንበር ስቦለት፣ ስለ ንብ ቢያስረዳ ያ ልጅ አባቱን ዳግመኛ “አፈር ገፊ” ብሎ አያስበውም።

ስለ ጊዜው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። ጎጃም በጣም ከተጎዱት ውስጥ ነው። የተዘጋ ትምህርት ቤት አለ፤ የተጎዳም አለ። “ክፍል ሳይኖር ስለ መደብ ታወራለህ?” የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አወራለሁ። እነዚህ ልጆች ዓመታቱን ያሳለፉት ከብት ጋ ነው። ሲመለሱ “ካቆማችሁበት ገጽ ቀጥሉ” ቢባሉ ብዙዎቹ ይሸሻሉ። ስለሚያውቁት ነገር ቢጠየቁ ግን የሚናገሩት አላቸው።

የታላቅ እህቴ ልጅ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ከብት ነው የሚጠብቀው። ባለፈው በስልክ ስናወራ ስለ 21 ቀኑ ነገርሁት። ወረቀት የለኝም አለኝ። አሮጌ ደብተርህን ገልብጠው አልሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቱን ላናግር ደውዬ ስልኩን እሱ አነሣው። ሰላምታውን እንኳ በደንብ ሳይጨርስ “አያ፣ ሐሙስ 21 ቀኗ ነው፤ አዳቃዩን ከረቡዕ ጀምሬ ልንገረው ወይስ እስካይ ልጠብቅ?” አለኝ።